ሁለት ኃይል ያለው አውቶሞቢል በጉዞ ላይ ኃይሉን ሲያጣ

አውቶሞቢል የሀብታም ጌጥ መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነ። ዛሬ የቤተ ሰብ ዕቃ ነው። እናት ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ታደርስበታለች፤ አባት ወደ ሥራው ይሄድበታል፤ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድበታል፤ ብዙ ሰውም የዕለት እንጀራውን ያገኝበታል። ቤተ ሰብ ሁሉ ነፍሱን አምኖ የሚሰጠው ዕቃ እንዲህ ከሆነ፥ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ የሾፌሩና የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው። በዚህ ምክንያት፥ ሃይብሪድ የሚባለው፥ ይኸውም በቤንዚንና በኤሌክትሪክ በሁለቱ ኃይል የሚሄደው አውቶሞቢል፥ በጉዞ መካከል ኃይሉን የሚያጣበትን ምክንያትና በዚያን ጊዜ ሊደረግ የሚገባውን በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን። በጽሑፋችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመን የነገሩን ራስ እንናገር። ድንገተኛ የሚባለው የኃይል መጥፋት ብዙ ጊዜ ድንገተኛ አይደለም። መኪናው አስቀድሞ በመብራት ወይም በድካም ይናገራል፤ ሠሪውም ጥፋት ያገኘ እንደ ሆነ በደብዳቤ ይናገራል። የሚጐድለው ሰሚ ነው። ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ እንደማይጸና ሁሉ፥ ይህን ንግግር ሳይሰሙ «ያለ ምክንያት ቆመብኝ» ማለት አይገባም። ነገር ግን እውነተኛ ድንገተኛም አለና፥ ለእርሱ ደግሞ ልብን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ስለ አሠራሩ

ሃይብሪድ አውቶሞቢል በብዛት እየተሠራ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው በ1997 መጨረሻ፥ ቶዮታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሪየስ ብሎ የሰየመውን መኪና በአገሩ ባወጣ ጊዜ ነው። በ2000 ይኸው መኪና ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች የየራሳቸውን ሃይብሪድ ሠርተዋል፤ አሠራራቸውም ልዩ ልዩ ነው። እኛ ግን ነገሩ እንዳይበተን፥ በብዙ አገር የታወቀውን ፕሪየስን እንደ ምሳሌ እንይዛለን።

በተለመደው አውቶሞቢል ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው አንድ የቤንዚን ሞተር ነው። በፕሪየስ ውስጥ ግን ከቤንዚኑ ሞተር ሌላ፥ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ፥ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ። ሦስቱ የሚገናኙት በጥርሳም መዘውሮች ማኅበር ነው። በመካከል አንዲት መዘውር አለች፤ በዙሪያዋ ትናንሽ መዘውሮች ይሽከረከራሉ፤ እነዚህን ሁሉ ደግሞ በውስጡ ጥርስ ያለው ቀለበት ይከባቸዋል። ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ከመካከለኛይቱ መዘውር፥ የቤንዚኑ ሞተር ትናንሾቹን ከያዘው ክፍል፥ ትልቁ የኤሌክትሪክ ሞተርና የመኪናው ጎማ ከውጭው ቀለበት ጋራ ተያይዘዋል። ኮምፒዩተሩም መንገዱንና የሾፌሩን እግር በየቅጽበቱ እየተመለከተ፥ ከሦስቱ ማን ምን ያህል እንዲሠራ ያዛል። ዳገት ሲሆን እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ፤ ቁልቁለት ሲሆን ወይም ፍሬን ሲረገጥ ትልቁ የኤሌክትሪክ ሞተር ኤሌክትሪክ አመንጪ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል።

ይህ መኪና እንደ ሌሎቹ ሞተሪኖና ዲናሞ የለውም። የቤንዚኑን ሞተር የሚያስነሣው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እርሱም ኃይሉን የሚያገኘው ከትልቁ ባትሪ ነው። ስለዚህ ትልቁ ባትሪ ፈጽሞ የደከመ እንደ ሆነ፥ የቤንዚኑ ሞተር ደኅና ቢሆንና ቤንዚኑም ሙሉ ቢሆን፥ የሚያስነሣው አያገኝም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በባትሪውና በሞተሮቹ መካከል ኢንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው የፕሪየስ ትውልድ ትልቁ ባትሪ 201.6 ቮልት ነው፤ ተራው የአውቶሞቢል ባትሪ ግን 12 ቮልት ብቻ ነው። ኢንቨርተሩ የትልቁን ባትሪ ኃይል በሁለተኛው ትውልድ እስከ 500፥ በሦስተኛው እስከ 650 ቮልት ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም ሞተሮቹ በሚቀበሉት ዐይነት ለውጦ ይሰጣቸዋል። እንግዲህ ኢንቨርተር በሁለት ባለጉዳዮች መካከል እንደሚቆም አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው የታመመ እንደ ሆነ፥ ባለጉዳዮቹ ሁለቱም ደኅና ቢሆኑ እንኳ ጉዳዩ አይሄድም። ከዚህ ቀጥለን የምንተርከው ታላቅ ነገር የመጣው ከዚሁ ከአስተርጓሚው ነው።

ዝምታ፥ ድካምና መቆም

ሃይብሪድ መኪና አዲስ ሰውን መጀመሪያ የሚያስደነግጠው በዝምታው ነው። መኪናው የመንገድ መብራት ይዞት ሲቆም ወይም በዝግታ ሲሄድ የቤንዚኑ ሞተር ዝም ይላል። ይህ ሥርዓቱ ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። በሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ «ሬዲ»፥ ማለት «ዝግጁ ነኝ» የሚለው መብራት በርቶ እስካለ ድረስ መኪናው ሕያው ነው፤ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ይታዘዛል።

ሁለተኛው ደረጃ ድካም ነው። በሰሌዳው ላይ ባለሦስት ማዕዘን የማስጠንቀቂያ ምልክት፥ ከእርሱም ጋራ የሞተር መብራት ይበራል፤ መኪናውም እግር ቢረገጥለት እንደ ወትሮው አይፈጥንም። ይህ የሚሆነው ኮምፒዩተሩ አንድ ክፍል መታመሙን ወይም ከመጠን በላይ መጋሉን ዐውቆ፥ ሌላው እንዳይጠፋ ኃይሉን በቀነሰ ጊዜ ነው። መኪናው እንደሚያነክስ በቅሎ በዝግታ ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ሾፌሩ ከአውራ ጎዳና ወጥቶ ደኅና ስፍራ እንዲደርስ ነው እንጂ መንገዱን እንዲጨርስበት አይደለም። አንዳንድ ሰው ግን «እየሄደልኝ ነው» ብሎ መብራቱን ንቆ ሃምሳና ስድሳ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የተሰጠውን ጊዜ ያባከነ ሰው ሦስተኛው ደረጃ ሲመጣ የሚያማርርበት የለውም።

ሦስተኛው ደረጃ ፈጽሞ መቆም ነው። የሃይብሪዱ ሥርዓት በሙሉ ይዘጋል፤ «ሬዲ» የሚለው መብራት ይጠፋል፤ ነዳጅ መስጫው ቢረገጥ መልስ የለም፤ መኪናው ቀድሞ በነበረው ፍጥነት ብቻ እየተንሸራተተ ይሄድና ይቆማል። በመንደር መንገድ ላይ ይህ ከመዘግየት በቀር ጉዳት የለውም። በፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከሠሪው የመጣ ደብዳቤ

ይህ ሦስተኛው ደረጃ በወሬ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሠሪው ራሱ በይፋ የመሰከረበት ነው። በ2005 ቶዮታ በአሜሪካ 75,000 ያህል የ2004ና የ2005 ሞዴል ፕሪየሶች ባለቤቶች መኪናቸውን እንዲያመጡ አስታወቀ፤ በኮምፒዩተሩ ሶፍትዌር ላይ በተገኘው ጉድለት ምክንያት የቤንዚኑ ሞተር በጉዞ ላይ ሊቆም ይችል ነበርና። በ2012 ደግሞ ኢንቨርተሩን የሚያቀዘቅዘው የኤሌክትሪክ የውሃ ፓምፕ ሊበላሽ፥ መኪናውንም በጉዞ ላይ ሊያቆም ስለሚችል ሌላ ጥሪ ተደረገ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየካቲት 2014 የሆነው ነው። ኩባንያው ከ2009 ጀምሮ የተሠሩትን የሦስተኛ ትውልድ ፕሪየሶች፥ በዓለም ሁሉ 1.9 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን፥ ጠራ። ምክንያቱም ይህ ነው። በኢንቨርተሩ ውስጥ ትራንዚስተር የሚባሉ ትናንሽ የኤሌክትሪክ በሮች አሉ፤ እጅግ ፈጥነው እየተከፈቱና እየተዘጉ ኃይሉን ይመጥናሉ። ሶፍትዌሩ ያዘዛቸው አሠራር ግን አንዳንዶቹን ከሚችሉት በላይ ስላጋላቸው ሊያበላሻቸው ይችል ነበር። በተበላሹ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የማስጠንቀቂያው መብራት በርቶ መኪናው በተቀነሰ ኃይል ይሄዳል፤ በጥቂቶች ላይ ግን ሥርዓቱ በሙሉ ተዘግቶ መኪናው በመንገድ ላይ ይቆማል። መድኃኒቱም አዲስ ሶፍትዌር መጫን ነበር።

ብዙ ባለቤቶች ይህ ከተደረገላቸው በኋላ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ነገር ግን በጥቅምት 2018 ኩባንያው ከጥቅምት 2008 እስከ ኅዳር 2014 ከተሠሩት ፕሪየስና አውሪስ ሃይብሪዶች 2.43 ሚሊዮን ያህሉን እንደ ገና ጠራ። እነዚህ ቀድሞ ተጠርተው የተጠገኑት መኪናዎች ነበሩ። የፊተኛው ጥገና፥ ጥፋት ሲደርስ መኪናው በተቀነሰ ኃይል እንዲሄድ ያዘዘ ነበር፤ ኋላ ግን እምብዛም በማይደርስ በአንዳንድ ሁኔታ መኪናው እንደ ታዘዘው በድካም መሄዱን ትቶ ፈጽሞ እንደሚቆም ተገለጠ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ የመሪውና የፍሬኑ እገዛ እንደማይቋረጥ፥ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ግን እንዲህ ያለው መቆም የግጭትን አደጋ እንደሚጨምር አስታውቋል። በ2020ም በሰኔ ወር ተመሳሳይ ምክንያት ያለው ጥሪ በዓለም ሁሉ ለ752,000 ያህል መኪናዎች ተደረገ፤ ከእነዚህ ውስጥ 267,000 ያህሉ በአሜሪካ ያሉ ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፥ እንዲህ ያለው ጥፋት ከተሠሩት መኪናዎች በጥቂቶቹ ላይ ብቻ የሚደርስ ስለሆነ፥ ሃይብሪድን ሁሉ መፍራት አይገባም። ሁለተኛ፥ «አንድ ጊዜ ተጠግኗል» የሚል ወረቀት ለዘላለም የሚያገለግል ምስክር አይደለም፤ በየጊዜው እንደ ገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከቤት የሚመጣ ጥፋት

የመኪና ድካም ሁሉ ግን ከሠሪው የመጣ አይደለም። የቤተ ሰቡ ቸልታ የሚያመጣውም አለ።

ፊተኛው የቤንዚን ነገር ነው። ሃይብሪድ ጥቂት ቤንዚን ስለሚበላ ባለቤቱ ይዘናጋል። ቤንዚን ባለቀ ጊዜ መኪናው ወዲያው አይቆምም፤ በባትሪው ጥቂት መንገድ ይሄዳል። ሾፌሩ በዚህ ተደልሎ ከቀጠለ ትልቁ ባትሪ ይሟጠጣል። ቀድሞ እንዳልነው፥ የቤንዚኑን ሞተር የሚያስነሣው ይኸው ባትሪ ነውና፥ ኋላ ቤንዚን በጀሪካን ቢመጣለት እንኳ መኪናው ላይነሣ ይችላል። በተራ መኪና የአንድ ሰዓት መዘግየት የሚሆነው ነገር በሃይብሪድ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ጥፋት ይሆናል።

ሁለተኛው በተለይ እናቶችና ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ነው። ትልቁ ባትሪ እንዳይግል ማራገቢያ አለው፤ ማራገቢያውም አየር የሚስበው ሰዎች ከሚቀመጡበት ክፍል ነው። በብዙዎቹ ፕሪየሶች የአየሩ መግቢያ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለ ትንሽ ወንፊት መሰል መስኮት ነው። ልጆች ብርድ ልብሳቸውን፥ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ወይም ካፖርታቸውን በዚህ ላይ ሲጥሉ አየሩ ይታፈናል። የውሻ ጠጕርና የመንገድ አቧራ ደግሞ ቀስ በቀስ ውስጡን ይሞላዋል። አየር ያጣ ባትሪ ይግላል፤ የጋለ ባትሪ ኃይሉን ይቀንሳል፤ ዕድሜውም ያጥራል። መስኮቱን ባዶ ማድረግ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ማራገቢያውንም በየጊዜው ማስጠረግ ከባትሪ ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን ኢምንት ነው።

ሦስተኛው የማቀዝቀዣው ውሃ ነው። በእነዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ መኪናዎች ለቤንዚኑ ሞተር አንድ፥ ለኢንቨርተሩ ሌላ ማቀዝቀዣ አለ። ኮፈኑ ሲከፈት ሁለት ጎድጓዳ የውሃ ዕቃዎች ይታያሉ፤ አንዱን ብቻ ተመልክቶ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው። መካኒኩ የኢንቨርተሩን ማቀዝቀዣ መጠንና የፓምፑን መሥራት እንዲያይ በስሙ ጠርቶ ማዘዝ ይገባል።

አራተኛው ትንሹ ባለ12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ ስላለ ትንሹ የማያስፈልግ የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ኮምፒዩተሮቹን የሚያስነሣቸው ይህ ትንሽ ባትሪ ነው፤ እርሱ ሲያረጅ በሰሌዳው ላይ የማይገናኙ መብራቶች ያለ ሥርዓት ይበራሉ፤ መኪናውም እንቢ ይላል። ዋናው ባትሪ ሞተ ተብሎ ብዙ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ትንሹ ይመርመር።

በመንገድ ላይ ሲደርስ

አሁን ወደ ነገሩ ጭንቅ እንግባ። እንበልና አንድ አባወራ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋራ በአውራ ጎዳና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት መኪናው በአንዲት ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። በኋላው የጭነት መኪና ይከተላል። ድንገት መብራቶች ይበራሉ፤ ነዳጅ መስጫው ይዝላል። ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ይህን ይወቅ፤ ኃይል ጠፋ ማለት መሪና ፍሬን ጠፋ ማለት አይደለም። በፍጥነት ይሄድ የነበረ መኪና ከጎዳናው ዳር ለመድረስ የሚበቃ መንሸራተት ብዙ ጊዜ ይኖረዋል። ይህ መንሸራተት የተሰጠው ሀብት ነውና በድንጋጤ ፍሬን ረግጦ በመንገዱ መካከል አያባክነው። ወዲያው አራቱን ፍሬቻዎች በአንድነት ያብራ፤ በመስተዋት ወደ ኋላ ይመልከት፤ መሪውን በሁለት እጁ ጠብቆ ይያዝ፤ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ፥ ወደ ጎዳናው ዳር ይውጣ። መሪው ቢከብደው ተበላሸ ብሎ አይልቀቀው፤ በክንዱ ያግዘው። ፍሬኑንም ደጋግሞ እየረገጠና እየለቀቀ አያድክመው፤ ማቆም በሚፈልግበት ጊዜ አንድ ጊዜ ጸንቶ ይርገጠው።

መኪናው ገና በሚንሸራተትበት ጊዜ የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት አይገባም። አንዳንድ ሰው እንደ ገና ይነሣልኛል ብሎ ይህን ያደርጋል፤ ትርፉ ግን የመሪውን እገዛ ማጣት ነው። ማጥፋትና ማስነሣት ከቆሙ በኋላ የሚደረግ ነገር ነው።

በአጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ደግሞ የራሷ ሥራ አላት። መጮኽ የሾፌሩን ልብ ይከፍለዋል። ከቀኝ በኩል የሚመጣ መኪና መኖሩንና አለመኖሩን አይታ በቀስታ ትንገረው፤ ልጆቹን ዝም ታሰኝ፤ ቀበቶአቸው መታሰሩን ትመልከት። ሾፌሯ እርሷ ከሆነች ይህ ሁሉ የባሏ ሥራ ይሆናል። ቤተ ሰብ ይህን በቤት ሳሉ፥ ቡና ሲጠጡ፥ አንድ ቀን ቢነጋገሩበት መልካም ነው፤ በጭንቅ ጊዜ ሥራ ማከፋፈል አይቻልምና።

ከቆሙ በኋላ

መኪናው ከጎዳናው ዳር ከደረሰ ሁሉም መኪና በማያልፍበት በኩል ይውረዱ፤ ከመኪናውም ርቀው፥ የብረት አጥር ካለ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ይቁሙ። በመኪናው ኋላ ወይም በሁለት መኪናዎች መካከል መቆም እጅግ አደገኛ ነው። ልጆችን እጃቸውን ይዞ መቆም እንጂ «እዚያ ተቀመጡ» ብሎ መተው አይገባም። መኪናው በመንገዱ መካከል ቆሞ መውረድ የማይቻል ከሆነ ግን ቀበቶን ሳይፈቱ፥ ፍሬቻዎቹን አብርቶ በስልክ እርዳታ መጥራት ይሻላል፤ በአሜሪካ የሚደወለው ቁጥር 911 ነው።

ደኅና ስፍራ ከደረሱ በኋላ መኪናውን አጥፍቶ፥ ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና ማስነሣት አንዳንድ ጊዜ ይሆናል። ነገር ግን መነሣቱ መዳኑን አያመለክትም። ተነሣ ብለው ወደ ፈጣኑ ጎዳና የሚመለሱ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ የሚቆሙት ከፊተኛው በከፋ ስፍራ ሊሆን ይችላል። ጭስ ወይም የሚቃጠል ሽታ ካለ ደግሞ ከቶ ሳይነኩት መራቅ ነው።

ኮፈኑ ተከፍቶ ብርቱካን መልክ ያላቸው ወፋፍራም ሽቦዎች ቢታዩ፥ እነዚያ ከፍ ያለው ኤሌክትሪክ የሚሄድባቸው ናቸውና ማንም እንዳይነካቸው። መንገደኛ ሁሉ «እኔ ዐውቃለሁ» ብሎ እጁን ይሰድዳል፤ የባለቤቱ ፋንታ በትሕትና መከልከል ነው። ለጎታቹም መኪና ባለቤት ፕሪየስ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው ወይም መኪናው በሙሉ በጭነት ላይ ተጭኖ እንዲወሰድ ይነገረው። ጎማዎቹ መሬት ላይ እየዞሩ ቢጎተት ከእነርሱ ጋራ የተያያዘው ሞተር አብሮ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም ሌላ ጥፋት ያመጣል።

የበሩትን መብራቶች በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ ሰዓቱን፥ ፍጥነቱን፥ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑን ጽፎ መያዝም ለመካኒኩ ይጠቅማል። መኪናው ራሱ ደግሞ ጥፋቱን በቁጥር በኮምፒዩተሩ መዝገብ ያስቀምጣል። ይህን መዝገብ ሳያነብ «ባትሪው ነው» ብሎ የሚፈርድ መካኒክ ከተገኘ፥ መኪናውን ይዞ ወደ ሌላ መሄድ ይሻላል።

ደብዳቤው ያልደረሰው ሰው

በመጨረሻ ወደ ጀመርነው ነገር፥ ወደ ሰሚ መጥፋት፥ እንመለስ። ሠሪው መኪና በሚጠራበት ጊዜ ደብዳቤውን የሚልከው በመዝገብ ወደ ተጻፈው ባለቤት አድራሻ ነው። ባለቤቱ ቤት የለወጠ እንደ ሆነ ደብዳቤው ሊጠፋ ይችላል። መኪናው የተሸጠ እንደ ሆነ ለፊተኛው ባለቤት ይደርሳል፤ እርሱም ይጥለዋል። በአሜሪካ የአገሪቱ ጠቅላላ ሕግ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ያልተፈጸመ ጥገና ሳያስፈጽም እንዳይሸጥ አያስገድድም። ስለዚህ ሸክሙ በገዢው ላይ ነው።

በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ቤንዚን የሚቆጥብ መኪናም ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመረጠ ነው። ጥገናው ከክፍያ ነጻ ቢሆንም አንድ ቀን በጋራዥ መዋል የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ነው፤ ለቤት ኪራይ፥ ለልጆች ልብስ፥ በአገር ቤት ላለችው እናት ከሚላከው የሚጐድል ነው። ስለዚህ «ለሚቀጥለው ሳምንት» እየተባለ ይቆያል። ይህን ችግር አቅልለን አንናገርም። ነገር ግን አንድ ቀን ሥራ ማጣት የሚመለስ ነው፤ በፈጣን ጎዳና መካከል በተሳፋሪና በልጅ ላይ የሚደርሰው ግን የማይመለስ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ያ አንድ ቀን የተቆጠበ የመሰለው ሰው ኋላ መኪናውን ራሱን ያጣል።

ወደ አገራችንም ከባሕር ማዶ ያገለገሉ መኪናዎች ሲገቡ ኖረዋል። መኪናው ባሕር ሲሻገር ደብዳቤው አብሮ አይሻገርም። ሆኖም አብዛኛው መኪና 17 ፊደልና ቁጥር ያለበት የራሱ መለያ አለው፤ ብዙ ጊዜ በፊት መስተዋት ግርጌ በሾፌሩ በኩል ወይም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለአሜሪካ የተሠራ መኪና ከሆነ፥ ይህን መለያ ይዞ በአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ያልተፈጸመ ጥሪ መኖሩን ያለ ክፍያ ማወቅ ይቻላል። ለሌላ አገር የተሠራ እንደ ሆነ የኩባንያውን ወኪል መጠየቅ ነው። መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙንና ጎማውን ከማየቱ በፊት ይህን መለያ ጽፎ ይመርምር፤ የገዛም ሰው በየስድስት ወሩ እንደ ገና ይጠይቅ። ኮምፒዩተር የማያውቅ አባት ልጁን ይዘዝ፤ ለልጁም ጥሩ ትምህርት ይሆነዋል።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ይህን ጋዜጣ ካነበቡ በኋላ ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን፤ የመኪናቸውን መለያ ቁጥር ዛሬ ጽፈው እንዲመረምሩ፥ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለውን የአየር መስኮት ገልጠው እንዲያዩ፥ በመንገድ ላይ ቢቆም ማን ምን እንደሚሠራ ከቤተ ሰባቸው ጋራ እንዲነጋገሩ። ይህ ሁሉ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው።